ደም መላሽ

ሐምሌ፣ ቱሉ ዲምቱ። የጤና ጣቢያው ደጅ
ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ አግዳሚው ላይ እናት ከነልጅ
ተጨናንቆ ያስላል። ካርድ ሠላሳ ሰባት፦
ደመላሽ ሆርዶፋ፣ ሲሚንቶ ጫኝ፣ አባት
የሦስት ልጆች። ኮቱን አውልቆ ክርኑን ሰጠኝ፤
"ቅባቱን ጨረስኩት፤ ይሄ ነገር ግን አልለቀቀኝ።"

ባለፈው ሳምንትም መጥቶ ነበር እሱ፤
ቀና ሳልል ጻፍኩለት፦ "እከክ። ቅባት። ልብሱ
ይቀቀል።" አራት ቃል፣ አንድ ማኅተም፤
በሩ ላይ ሃምሳ ሰው፣ ለክርን ጊዜ የለም።

እርግጥ ሰፈሩ ከእኔ ቀድሞ መርምሮታል።
ቤት አከራዩዋ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታበታለች፤
የጭነት ጓዱ "አልማዝ ባለጭራ ነው፣ ዞሮ ከገጠመ አለቀልህ" ብሎታል፤
አንዱ ደግሞ "የሲሚንቶ ቁጣ ነው፣ እኔንም አውጥቶብኛል።"
ሚስቱ ዲንቄ ብቻ ስም አላወጣችለትም፤
ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ውሃ ትቀዳለታለች፣
ጄሪካኑ ጎህ አይደርስም።

ዛሬ መብራት ሄደ። ስልኬም ባትሪ የለው።
"ወደ መስኮቱ ና" አልኩት፤ ክንዱን ሳስጠጋው፣
ደመናውን ቀድዳ አንዲት ቀጭን ፀሐይ
ከጎን ስትመታው፣ "እከክ" ያልኩትን ሳይ፣

ቢጫ ነው።
ክክ የመሰለ፣ ዙሪያው ቀላ ብሎ፣
ከክርኑ ወደ ላይ በሳምንት በቅሎ፤
ስጫነው አይፈርጥም፣ መግል አልቋጠረ፣
በጣቶቹ መሀል አንድም አልሰፈረ።
አንድ አልጋ የሚያድሩ ልጆቹ ንጹሕ ናቸው፤
እከክ መቼ ያውቃል አጠገቡ ያለን ሊተው?

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል።
ይሄ መቼ ደበቀ? በሁለት ክርኑ ጽፎ አምጥቶልኛል፤
ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

"ውሃ ይጠማሃል?" ሳቀ። "ዲንቄን ጠይቃት።
ደግሞ በግቢያችን መጸዳጃ ቤት
እኔ ከወጣሁ ወዲያ ጉንዳን ይሰለፋል፤
'ምን አፍስሰህ ነው?' እያለ ጎረቤት ይስቃል።"

ክንዱን በላስቲክ አሠርኩ፣ በጣቴ ዳበስኩ፤
ከደመላሽ ክንድ ላይ ደም መላሽ ፈለግኩ።
ስሙን ያወጡት አባት የየትኛው ደም ዕዳ ነበረባቸው?
አልጠየቅኩም። ላቦራቶሪ፣ ሌንሳ ብልቃጡን አቁማ ጠበቀች፤
ቆይታ፣ በሁለት እጇ ይዛው መጣች፦
ከታች ቀይ ዝቃጭ፣ ከላይ ወተት።
ወተት! ከዚህ ሰው ቤት ለልጅ እንኳ ያልተገኘበት።
የስኳር መለኪያውም ቁጥር አልነገረን፤
ካቅሙ በላይ ሲሆንበት ፊደል አሳየን።

"ምን ማለት ነው?" አለኝ። ስብ ደሙን አጥለቅልቆት፣
ማደሪያ ቢያጣ በቆዳው ብቅ እንዳለ ነገርኩት።
"ዛሬውኑ ካልታከምክ ቆሽትህ ይቃጠላል" ስለው፣
"እሱስ ድሮ አርሯል፣ ኪራይ በጨመሩ ቁጥር ነው"
ብሎ ፈገግ አለ። ቀልድ እንዳልሆነ ደግሜ አስረዳሁት፤
ሪፈሩን ጻፍኩና በሌንሳ ዣንጥላ እስከ ባጃጁ ሸኘሁት።

ተመልሼ መዝገቡን ገለጥኩ፣
"እከክ" የሚለውን ሰረዝኩ።
ከስርዙ ሥር አሁንም ይነበባል።

ጥቅምት ላይ መጣ። ያ ሁሉ ክክ ሟሙቶ
ጠባሳ እንኳ ሳይሆን እንደ ጥላ ነገር ቀርቶ።
ማቀዝቀዣ የለውምና ኢንሱሊኑን
እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ውስጥ አኑሮታል፤
"ልጆቹ የሚበላ የደበቅኩ መስሏቸው
ክዳኑን እያነሡ ያዩታል።"

እኔ ግን ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣
አውቶቡሱ ጢም ብሎ በጉድጓዱ ሲተራመስ፣
ከብረቱ የተንጠለጠለውን ሁሉ፣ የሰው ፊት ትቼ፣
ክርን ክርኑን አነባለሁ።
ባለፈው አንዲት ሴት እጇን ሰብስባ በነጠላዋ ሸፈነች።
ይቅርታ እንኳ አላልኳትም።
ምንም አልነበረባት፤
ወይም ብርሃኑ አልበቃኝም።